ያምራል ከማለት በፊት፦ የአንድ ፎቶና የ34 መልሶች ወግ

እሁድ ማታ አንድ ፎቶ ለጠፍኩ። እናቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ የሚያሳይ ነው። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ድረስ ወርዷል። ከንፈሯን ገጥማለች። የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ወደ መርፌዋ ቀዳዳ እያስጠጋች ነው። ከጀርባዋ ነጭ መጋረጃ አለ፤ ብርሃኑ የሚገባው በሱ በኩል ነው። የያዝኩት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 1.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400። ቁጥሮቹን ከፎቶው ስር ጻፍኳቸው። አስተያየት የሚሰጠኝ ሰው በግምት እንዲናገር አልፈለግኩም።

ከዚያ ጥያቄዬን አስከተልኩ። ለወራት ፎቶ ስለጥፍ ቆይቻለሁ። የማገኘው መልስ ሁሌም አንድ ነው። ያምራል፣ ምርጥ፣ አሪፍ፣ ልብ፣ አውራ ጣት። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን አምና ያነሳሁትንና ትናንት ያነሳሁትን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ያው ናቸው። ስህተቴ ከኔ ጋር አብሮ እየኖረ ነው። ስለዚህ በግልጽ ጠየቅኩ። ይህ ፎቶ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? ለጀማሪስ አስተያየት የሚሰጠው እንዴት ነው? የራሴን እምነትም ጨመርኩ፤ ያምራል ብሎ ማለፍ ትህትና ሳይሆን ሰውን ባለበት ትቶ መሄድ ነው አልኩ።

34 መልስ መጣ። አንዳንዱ ዐይኔን ገለጠልኝ፣ አንዳንዱ ሆድ አስባሰኝ። እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ።

ከ1 እስከ 4 ያሉት አጫጭር ናቸው። 1ኛው ያምራል አለ። 2ኛው እናቴን ረጅም ዕድሜ ተመኘላት፤ አመሰገንኩ። 4ኛው ልብ ብቻ ላከ። 3ኛዋ ግን ያምራል ካለች በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር አከለች። ስለ ካሜራ ምንም እንደማታውቅና ሌላ የምትልበት ቃል ስለሌላት እንዲህ እንዳለች ጻፈች። ይሄ ትንሽ አሳፈረኝ። ያምራል የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ግድ የሌላቸው ይመስሉኝ ነበር። ቃል አጥተው ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም። እሷን አስታውሱልኝ፣ ወደ መጨረሻው ትመለሳለች።

5ኛው ወደ ሥራው የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ጣቶቹና መርፌዋ ደብዝዘዋል አለ። ምክንያቱ ሹተሩ መዝገሙ እንደሆነ ነገረኝ። ካሜራ በእጅ ሲያዝ የሹተሩ ቁጥር ከሌንሱ ርዝመት ማነስ የለበትም የሚባለውን ልማድ ጠቀሰ። ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/50 ማለት ነው። 1/60 ጠርዝ ላይ ነው፤ የሚንቀሳቀስ እጅ ሲጨመርበት ደግሞ 1/125 ወይም 1/250 ይሻላል አለ። አነጋገሩ ጨዋ ነው፣ ምክሩም ግልጽ ነው። አመንኩት።

6ኛዋ አላመነችውም። ችግሩ ሹተር ሳይሆን ፎከስ ነው አለች፣ ከዚህ በላይ አላብራራችም። እኔም ቶሎ ብዬ መለስኩላት። ብርሃኑ ትንሽ እንደነበር፣ እናቴ ረግቼ አልቀመጥም እንዳለችኝ፣ ፎከሱን መነጽሯ ላይ አድርጌ እንደነበር ዘረዘርኩ። ይህን መልሴን ልብ በሉት። ኋላ ላይ አንድ ሰው ያነሳብኛል።

ከዚያ 7ኛው መጣ። ፎቶው የሚሰረዝ ነው አለ። መስኮቱ ነጭ ጉድጓድ ሆኗል፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ ፍሬሙ ሳይታሰብበት የተያዘ ነው አለ። ካሜራውን ለሚችልበት ሰው ብሰጠው እንደሚሻል ጻፈ። አስተያየት የማይችል ሰው ፎቶውን አልበሙ ውስጥ ይዝጋበት ብሎ ጨረሰ። ስልኬን አስቀምጬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ውሃ ጠጣሁ። ስመለስ ጽሑፉ እዚያው ነበር።

ከሁሉ ጠቃሚ ከሆኑት መልሶች አንዱ ይህን ተከትሎ ነው የመጣው። 8ኛዋ የ7ኛውን ንግግር አልነካችም። የ5ኛውንና የ6ኛዋን ክርክር ነው ልትፈታ የመጣችው። ፎቶውን አጉልታ አይታዋለች። የመርፌዋ ጫፍ ላይ አንዲት ብልጭታ አለች አለች። እጅ ወይም ካሜራ ተንቀሳቅሶ ቢሆን ኖሮ ብልጭታዋ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትታ መስመር ትሆን ነበር። እሷ ግን በሁሉም በኩል እኩል ተነፍታ ትንሽ ክብ ሆናለች። ክብ ከሆነ ፎከስ ነው፣ መስመር ከሆነ እንቅስቃሴ ነው። በዚያ ላይ የመነጽሩ ፍሬም ጥርት ብሏል፤ ካሜራው ቢነቃነቅ እሱም አብሮ ይደበዝዝ ነበር። ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ላይ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና በ1.8 ከአንድ ሜትር ርቀት ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሆነ አስላችልኝ። የእናቴ እጅ ደግሞ ከፊቷ አንድ ስንዝር ያህል ወደኔ ቀርቧል። ስለዚህ ፊቷ ሲጠራ እጇ የግድ ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ ብታቆም እንኳ በቂ ነበር። መፍትሔም አመጣች፣ ሁለት ዓይነት። አንደኛው አፐርቸሩን ወደ 5.6 መዝጋት ነው፤ ያኔ ግን በዚያው ብርሃንና በዚያው ሹተር አይኤስኦው ከ400 ወደ 4000 መድረስ አለበት። ሁለተኛው ምንም ቁጥር አይነካም። ከፊት ለፊቷ ተነስቼ ወደ ጎኗ ብዞር ፊቷና መርፌዋ ከሌንሱ እኩል ይርቃሉ፣ በ1.8ም ሁለቱም ይጠራሉ። ሁለት እርምጃ ብቻ። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። እናቴ ባልተኛች ኖሮ እዚያው ላነሳት ነበር።

9ኛው ራሱ 5ኛው ነው። ብልጭታዋን አጉልቶ እንዳያት፣ እንደተሳሳተና 8ኛዋ ትክክል እንደሆነች ጻፈ። እንዲህ በቀላሉ ተሳስቻለሁ የሚል ሰው ያለበት ውይይት ደስ ይለኛል።

ከ10 እስከ 14 ስለ 7ኛው ነው ጭቅጭቁ። 10ኛዋ በጣም ተቆጥታለች። ሰው እናቱን አንስቶ ባመጣበት ይህን መናገር ነውር ነው አለች። 11ኛው ተከላከለለት። 7ኛው ቢያንስ ፎቶውን አይቶታል፣ ከላይ ያሉት አራቱ ግን አላዩትም አለ። ይህ አባባሉ ቆንጥጦ ያዘኝ፤ ግማሹ እውነት ነውና። 12ኛው የራሱን ታሪክ አመጣ። ገና ሲጀምር አንድ ሰው በሰው ፊት ዐይን የለህም ስላለው ካሜራውን ሳጥን ውስጥ ከቶ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳላወጣው ነገረን። ያ ሰው ስለየትኛው ፎቶ እንደተናገረ ዛሬ አያስታውስም። ቃሉን ግን እያንዳንዱን ያስታውሳል።

13ኛዋ የተገላቢጦሹ ነው የደረሰባት። ሦስት ዓመት ሲያደንቋት ኖረው አንድ ውድድር ላይ ፎቶዎቿን አስገባች። አንዱም አላለፈም። ዳኞቹን ሄዳ ስትጠይቅ፣ ሁሉም ፎቶዎቿ ላይ አድማሱ ወደ ግራ ያጋደለ መሆኑን አንዱ አሳያት። ሁሉም ላይ! ሦስት ዓመት ማንም አልነገራትም። ካሜራውን ስትይዝ ግራ ትከሻዋ ከፍ ይላል፤ ያ ብቻ ነበር። ከዳኛው ይልቅ ያደነቋት ጓደኞቿ ላይ እንዳዘነች ጻፈች። እኔ በጥያቄዬ ልል የፈለግኩትን እሷ በትከሻዋ ነገረችን።

14ኛው በዚህ መሀል የትኛው ካሜራ ይሻላል ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

15ኛው መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እንድናይልህ የፈለግከው ፊቷን ነው ወይስ መርፌዋን የሚል። ቀላል ይመስላል። ልመልስ ቁጭ አልኩና አቃተኝ። ፊቷን ልል ነበር፤ ግን ፊቷን ብቻ ብፈልግ ኖሮ መርፌ ይዛ ለምን አነሳኋት? መርፌዋን ልል ነበር፤ ታዲያ ፎከሱን መነጽሯ ላይ ለምን አደረግኩት? ሙሉ ቀን ይዤው ዋልኩ። ማታ 16ኛውን መልስ ራሴ ጻፍኩ። የፈለግኩት በዐይኗና በመርፌዋ መካከል ያለችውን ትንሽ ቦታ እንደሆነ ተናገርኩ። ትዕግሥቷ ያለው እዚያ ነው። ፎቶው ላይ ግን ያ ቦታ የለም፤ መስኮቱ ውጦታል። ጥያቄው ባይመጣ ኖሮ ይህን ከራሴም አልሰማውም ነበር።

17ኛዋ ይህን ስታይ ሊዝ ለርማን የምትባል አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያዘጋጀችውን አስተያየት የመስጫ ዘዴ አስረዳችን። አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተመልካቾቹ የነካቸውንና ትርጉም የሰጣቸውን ይናገራሉ። ከዚያ ባለሥራው ራሱ ይጠይቃቸዋል። በሦስተኛው እነሱ እሱን ይጠይቁታል፤ ግን ጥያቄው ፍርድ ያልተደበቀበት መሆን አለበት። ትችቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ባለሥራውን አስፈቅዶ። ሦስተኛውን ደረጃ በምሳሌ አሳየችን። ይሄን ያህል ለምን ጨለመ ብሎ መጠየቅ ጥያቄ የለበሰ ወቀሳ ነው። ብርሃኑን እንዴት መረጥከው ብሎ መጠየቅ ግን ሰውየውን ያናግረዋል። እውነቷን ነው። የመጀመሪያው ቢመጣብኝ ምክንያት እደረድር ነበር። ሁለተኛው ቢመጣልኝ፣ ብርሃኑን ጨርሶ እንዳልመረጥኩት እናገር ነበር።

18ኛው ይህ ሁሉ ለስብሰባ እንጂ በስልክ ለሚያይ ሰው አይሆንም፣ ሰው ጊዜ የለውም አለ። ጊዜ የለውም ካለ በኋላ ግን እሱ ራሱ ጥሩ ነገር አየ። ከፎቶው ግርጌ በስተቀኝ የወንበር እግር ቁራጭ ገብታለች። እኔ አላየኋትም ነበር። አንዴ ከተነገራችሁ በኋላ ከዚያች እግር ዐይናችሁን መንቀል አትችሉም።

19ኛው አንድ አንጋፋ ናቸው፤ በፊልም ዘመን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያጥቡ የኖሩ። ፎቶዬን ገልብጬ፣ እግሩን ወደ ላይ አድርጌ እንዳየው መከሩኝ። የተገለበጠ ፎቶ ላይ እናት የለችም፣ መርፌ የለም፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው፣ ዐይን መጀመሪያ ወዴት እንደሚሮጥ ያኔ ይታወቃል አሉ። ስልኬን ገለበጥኩ። ዐይኔ ቀጥ ብሎ መጋረጃው ላይ ሄደ። እናቴ የጠቆረች ቅርጽ ነበረች። ሌላም ነገር ጨመሩ። ፎቶ አንሺው ሮበርት ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካን እየዞረ ከ27,000 በላይ ፎቶ ካነሳ በኋላ ለመጽሐፉ የመረጠው 83 ብቻ ነው። አስተያየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይምረጥ፤ 20 ፎቶ አንድ ላይ ዘርግፎ ስለሁሉም ንገሩኝ ማለት ተመልካቹን አለማክበር ነው አሉ። አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፣ ግን የሚገባው ሰው ይገባዋል።

ከ20 እስከ 24 ከመንገድ ወጣን። 20ኛዋ የወንበሯን እግር አይታ የአሜሪካዊቷን ፎቶ አንሺ የዶሮቲያ ላንግን ታሪክ አነሳች። ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ችግር ላይ የወደቀች እናት ከልጆቿ ጋር አንስታ ነበር። በዓለም እጅግ ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ነው። ከፎቶው ግርጌ በስተቀኝ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘች አውራ ጣት ገብታ ነበር፤ በኋላ ከኔጋቲቩ ላይ እንድትጠፋ ተደረገ። የደበዘዘች ምልክቷ አሁንም ትታያለች። እንግዲህ ታላላቆቹም ጥጋቸውን ሳያዩ ያነሳሉ፣ አትዘን ለማለት ነው ያመጣችው። አጽናናችኝ። ሌሎቹ ግን ማጥፋት ማጭበርበር ነው አይደለም ብለው ተያያዙት። 22ኛውና 23ኛው ፎቶዬን ጨርሶ ረሱት። ስለ አንድ የወንበር እግር ከሆነ በክሮፕ ልቆርጣት እንደምችል ጻፍኩና 24ኛ ሆኜ ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመንኩ።

25ኛው የሚገርም ነው። 7ኛው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። ስለ ጭቅጭቁም ቃል አልተነፈሰም። ፊቷ ለምን እንደጠቆረ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ካሜራ ነጭና ጥቁር አይለይም። የሚያየውን ሁሉ አማካኝ ወስዶ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ መጋረጃ ሲሞላው ብርሃን በዛ ብሎ ያስብና ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊት ደግሞ አብሮ ይጨልማል። ቆዳዋ ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆን የበለጠ ይጎዳል። ልኬቱን ፊቷ ላይ ብቻ ማድረግ ወይም ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው ከለካው ብርሃን ላይ በእጅ የሚጨመረውን ወይም የሚቀነሰውን) አንድ ወይም አንድ ተኩል መጨመር ይበቃል አለ። መጋረጃው ይነጣል፣ ይንጣ፤ ሰው የሚያየው ፊቷን ነው። በጄፔግ (ካሜራው ራሱ ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) እንዳነሳሁ ገምቷል፣ ልክ ነው። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 እርከን ብቻ ነው የሚይዘው፣ 14 ቢት ራው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅና ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ፋይል) ግን 16,384፤ የጠቆረ ፊት ኋላ ላይ ሲነሳ ልዩነቱ ይታያል።

ያው ሰው ነው፣ ያው ጉድለት ነው። መጀመሪያ ፊቷ ጠቁሯል አለኝ፤ አለቀስኩ ማለት ይቀለኛል። ኋላ ግን አንድ ጨምር አለኝ። የመጀመሪያውን ይዤ የትም አልሄድም። ሁለተኛውን ይዤ ግን በማግስቱ ካሜራዬን አነሳለሁ። ቃሉ ስለለሰለሰ አይደለም፤ 25ኛውም ላይ ያው ደረቅ ነበር። እጄ ላይ የሚያዝ ነገር ስላስቀመጠ ነው። አመሰገንኩት፣ ከልቤ።

26ኛው ትችትን በሁለት ምስጋና መሀል አድርጎ መስጠት ይሻላል አለ። 27ኛዋ እንደሱ ሲሆን ምስጋናው ማባበያ መሆኑን ሰው ያውቅበታል ብላ ተቃወመች። እኔ ከ28ኛዋ ጋር ነኝ። ምንም ዘዴ አልሰበከችም። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወረደውን መነጽር ብቻ አነሳች። ድጋሚ ስታነሳት መነጽሯን ከፍ እንድታደርግ እንዳትነግራት፣ ፎቶውን ሕይወት የሰጠው እሱ ነው አለችኝ። ይህ ምስጋና ነው፣ ግን ሥራ ያለው ምስጋና ነው። ምን መንካት እንደሌለብኝ ነገረኝ። ስድስት ነገር አስተካክል ለተባለ ሰው የማይነካውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለብቻዬ ቢሆን መነጽሯን አስተካክዪ ብዬ ነበር የምጀምረው።

29ኛው ወደኔ ዞረ። ለ6ኛዋ የሰጠሁትን መልስ አነሳብኝ። አስተያየት ለምኜ ሳበቃ፣ ገና አንድ መስመር ሲነገረኝ ሦስት ምክንያት እንደደረደርኩ አሳየኝ። 6ኛዋ ደግሞ ትክክል ነበረች፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰችም። ከልቡ ጠይቆ መልሱን መግፋት ሰውን ዝም ማሰኘት እንደሆነ ጻፈ። እሱ ራሱ አስተያየት ሲሰጠው አመሰግናለሁ ይልና እስከ ማግስቱ ሌላ ቃል አይጽፍም። እውነቱን ነው። ወደ ላይ ተመልሼ መልሴን አነበብኩት። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ከበደኝ። 6ኛዋን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ አንብባው ከሆነ አላውቅም።

30ኛዋ ግን የተባለውን ሁሉ መቀበልም አደጋ አለው አለች። ሁለት ሦስት ሰው ሳይመካከር አንድ ቦታ ላይ ከጠቆመ እዚያ የሆነ ነገር አለ፤ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የሱ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለኔ መስኮቱን 7ኛው፣ 19ኛውና የራሴ ዐይን ጠቁመውታል። 31ኛው መርፌዋ የሲሶ መስመር (ፎቶውን ሦስት እኩል ቦታ የሚከፍለው መስመር) ላይ ካልዋለች ፎቶው አይድንም ሲል ግን ብቻውን ነበር። 32ኛው መለሰለት። ይህን የሲሶ ደንብ በስሙ ጠርቶ የጻፈው ጆን ቶማስ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1797፤ የጻፈውም ስለ መልክዓ ምድር ሥዕል ነው። ፎቶግራፍ ለዓለም የታወጀው 1839 ላይ ነው። ደንቡ ይጠቅማል፣ ግን አዋጅ አይደለም አለ። ንግግሩ ትንሽ ቆምጠጥ ያለ ቢሆንም እውቀቱ ደስ አለኝ።

33ኛዋ ያቺ 3ኛዋ ናት፤ ያምራል ብላ ቃል አጣሁ ያለችው። ውይይቱን ሁሉ አንብባ መጣች። አሁንም ስለ ካሜራ እንደማታውቅ ጽፋ፣ ዐይኗ የሄደበትን ብቻ በተራ ነገረችኝ። መጀመሪያ መስኮቱን አየች። ከዚያ መነጽሩን። ከዚያ እናቴ በእጇ ምን እንደያዘች ለማወቅ ፈለገችና አጣችው። ጽሑፌን ባታነብ ኖሮ መርፌ መሆኑን አታውቅም ነበር። ያ ብቻ ነው መልሷ። የአፐርቸር ስም የለበት፣ የሹተር ስም የለበት። 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 15 እና 19ኛው በየፊናቸው የነገሩኝን በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ለካስ ለአስተያየት የሚያስፈልገው ቃል እሷም ጋ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት እናቴን በድጋሚ አስቀመጥኳት። መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ዘጋሁት። ወደ ጎኗ ዞርኩ። አፐርቸር 2.8፣ ሹተር 1/125፣ አይኤስኦ 3200፣ ኮምፐንሴሽን አንድ ጨምሬ፣ በራው። ወንበሩን ራቅ አደረግኩት። መነጽሯን አልነካሁም። አሥራ አንድ አነሳሁና አንዱን መረጥኩ። ትንሽ ነጠብጣብ አለው፤ ክሩ ግን ይታያል፣ ምራቋ ያረጠበው ጫፉ ሳይቀር።

ከመለጠፌ በፊት ለሷ አሳየኋት። ስልኩን ተቀበለችኝ፣ አስጠጋችው፣ አራቀችው። ስለ ፊቷ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አልፋው ሄደች። ጣቷን መርፌዋ ላይ አድርጋ፣ ታዲያ ገባ ወይስ አልገባም ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ከአዲሱ ፎቶ ስር ጽፌ 34ኛው መልስ አድርጌ ለጠፍኩት።